የሜላት ምትክ ካርድ

በዕድሜዬ ከጻፍኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ በጣም ያማረው አንድ ገጽ ተኩል ነው። ርዕሱ ተሰምሮበታል፣ አንቀጹ ተመጥኗል፣ መጨረሻው ላይ «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ብሎ ራሱን ዝቅ ያደርጋል። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ ከቀኑና ከስሜ በቀር እውነት የሚባል ነገር አልነካውም። የማወራችሁ የዚያን ወረቀት ነገር ነው። እያነበባችሁ እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ። ሳቁ፣ አልቀየምም። እኔ ራሴ ስስቅበት ከርሜ ሲደክመኝ ነው ለእናንተ ያካፈልሁት።

እንጅባራ ከተማ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ዣንጥላ ሥር ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። ዝናብ ሲመጣ ከነጠረጴዛዬ ወደ ግድግዳው እጠጋለሁ፤ እንጅባራ ላይ ዝናብ የማይመጣበት ቀን ደግሞ ጥቂት ስለሆነ ኑሮዬ ግድግዳው ሥር ነው ማለት ይቻላል። «አያ ፈንቴ ከጻፈው ዳኛው ያለቅሳል» ይሉኛል። ዳኛ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ከፍርድ በኋላ ደንበኞቼ ሲያለቅሱ ግን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ቤቴ ውስጥ የቀረነው እኔና ዳማ ፈረሴ ነበርን። እሱ ከደጅ፣ እኔ ከውስጥ፤ ሁለታችንም ስናረጅ ሆዳችን ወርዷል። ልጄ የሺ ዳንግላ አስተማሪ ናት። ባሏ ጥሏት ሲሄድ የስምንት ወር ሕፃን በእጇ ቀረች፤ ክፍል ይዛት ልትገባ አትችልምና ሜላትን ለእኔ አመጣቻት። ቀን ቀን እኔ ፍርድ ቤት ስውል ጎረቤቴ እትዬ ደብሬ ትይዝልኛለች። የሺ ልትሄድ ስትል አንድ ነገር ብቻ ነበር ያሳሰበችኝ።

«አባባ፣ የዘጠኝ ወሩን የኩፍኝ ክትባት እንዳይረሱብኝ። ከዚያ ደግሞ በዓመት ከሦስት ወሯ። ሌላ ምንም አላስቸግርዎትም።»

«ምን በወጣኝ እረሳለሁ! ወር ከነቀኑ ጽፌ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ» አልሁ። ለጠፍሁትም። የእጅ ጽሑፌ ሲያምር!

ቀኑ ደረሰና ሕፃኗን በጋቢዬ አዝዬ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ወረፋው ላይ ያሉት ሁሉ እናቶች ናቸው። ገና ከበሩ ስገባ አንዷ ጀመረችኝ።

«አያ ፈንቴ፣ እርስዎም ሊያጠቡ መጡ?»

«ወተቱ እንኳ አለ፣ ሰዓቱ አልደረሰም እንጂ» አልሁ። ሳቁ። የዚያን ዕለት አብሬ ሳቅሁ።

ከሳቁ በኋላ ነርሷ፣ ሲስተር ሰብለ፣ ወጣች። ቀጭን ናት፤ ድምፅዋ ግን ሜዳ ይሞላል። ልጆቹን በዓይኗ ቆጠረችና «ስድስት ብቻ ናችሁ» አለች። «የኩፍኙ ብልቃጥ የአሥር ልጅ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚቆየው። ለስድስት ከፍቼ የአራቱን መድፋት አልችልም። ሐሙስ ኑ።»

ሐሙስ ሄድሁ። ስምንት ሆንን። «ማክሰኞ» አለች። ማክሰኞ ደግሞ ሕፃኗን አዝዬ እስከ በሩ ደረስሁ። ከውስጥ የሴቶቹ ሳቅ ተሰማኝ። ስለ እኔ ይሁን ስለ ሌላ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ የማውቀው እግሬ ብቻውን መዞሩን ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ ሹመኛ የሚያከብረኝ ሰውዬ የማይነክስ ሳቅ ፈርቼ ሕፃን አዝዬ ወደ ቤቴ ሸሸሁ።

ማታ የሺ ደወለች። «ተከተበች?»

«ተከተበች» አልሁ። እዚያ ላይ ባቆም ምናለበት? እኔ ግን ጸሐፊ ነኝ፣ ባዶ ዓረፍተ ነገር አልወድም። «ትንሽ አተኮሳት፣ በግራ ክንዷ ነው የወጉዋት፣ እንደ እናቷ ግንባሯን ቋጥራ ነው ያለቀሰችው» ብዬ ጨመርሁበት። የሺ በስልኩ ውስጥ ሳቀች። የሁለተኛውን ጊዜ ደግሞ ከቤት ሳልወጣ ዋሸሁ፤ የለመደ እጅ ነበረኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልመስክር። ክትባት መርዝ ነው፣ ልጅ ያመክናል እያሉ የሚያወሩትን ሰዎች ስሰማ እስቅባቸው ነበር። የእኔ ጠላት ክትባቱ አልነበረም፣ ወረፋው ነበር። እነሱ ቢያንስ ምክንያት አላቸው፣ የተጣመመም ቢሆን። እኔ ምክንያት እንኳ ሳላወጣ ነው ከእነሱ እኩል የተሰለፍሁት።

ሜላት አራት ዓመት ሲሞላት አፀደ ሕፃናት ላስመዘግባት ሄድሁ። በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ የክትባት ካርድ የሌለው ልጅ አይመዘገብም ይላል። ከተማው ሁለት ተከፈለ። ግዴታ መሆኑ ልክ ነው የሚሉ አሉ፣ አስገድዶ መርፌ የት አለ የሚሉ አሉ። ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ማን ተነሥቶ ቢናገር ጥሩ ነው? እኔ! ጋቢዬን ወደ ትከሻዬ ወርውሬ ቆምሁ።

«ወገኖቼ፣ እኔ ክትባትን አልተቃወምሁም» አልሁ፤ እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ሁሉ ሊቃወም ነው። «ግን እጠይቃለሁ! ልጅ የወላጅ ነው ወይስ የቀበሌ? ዛሬ ክንዱን ከጠየቁን ነገ ምኑን ሊጠይቁን ነው? በፈቃድ የሚደረግ ነገር በማስፈራሪያ ለምን ይሆናል?»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሰው ሲያጨበጭብልኝ እኔም አመንሁት። ከወረፋ የሸሸሁት ሰውዬ በአንድ ከሰዓት የነጻነት ጠበቃ ሆኜ ወጣሁ። ስንፍና ጋቢ ደርባ አዳራሽ ስትገባ እንዴት እንደምታምር ብታዩ!

ደንቡ አልተነሣም። ስለዚህ በማግስቱ ዣንጥላዬ ሥር ተቀመጥሁና ያቺን አንድ ገጽ ተኩል ጻፍሁ። «ጉዳዩ፦ ለጠፋ የክትባት ካርድ ምትክ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ።» ሕፃኗ በተገቢው ጊዜ ሁለቱንም ዙር ተከትባ ካርዷ ግን ቤት ሲያንጠባጥብ በዝናብ ርሶ መበላሸቱን አስረዳሁ። ዝናቡን እንዴት አድርጌ እንደገለጽሁት! እትዬ ደብሬና ሌሎች ሁለት ሰዎች ቃሌን አምነው መሰከሩ። ቀበሌው አይቶ ደብዳቤ ጻፈ፣ ማኅተም አሳረፈ። ጤና ጣቢያው ማኅተሙን አይቶ ምትክ ካርድ ሰጠ። አንድም ሰው የሕፃኗን ክንድ ልይ አላለም። ሁሉም ያየው ወረቀት ነው።

ወሬው ወጣ። «አያ ፈንቴ ካርድ ያወጣል» ተባለ። አራት ሰዎች ተከታትለው መጡ። እኔም ዝናቡን ለአንዱ በእሳት፣ ለሌላው በአይጥ፣ ለሌላው ቤት በመቀየር እየለወጥሁ ጻፍሁላቸው። ያለ መርፌ፣ ያለ ብልቃጥ፣ አንዲት ጠብታ ሳላባክን አምስት ልጅ ከተብሁ ማለት ነው።

ነገሩ የመጣው ከዓመት በኋላ፣ አንድ ሰኞ ነው። ከሜላት ክፍል አንድ ልጅ አዘና ከተማ ዘመድ ቤት ሰንብቶ ሰኞ ጠዋት ተመለሰ። ዓይኑ ቀልቶ፣ እያሳለ ነው የገባው፤ እረፍት ላይ መምህርቷ አንገቱ ሥር ሽፍታውን አይታ ወደ ቤቱ ሰደደችው። ማክሰኞ ሲስተር ሰብለ ማቀዝቀዣ ሣጥኗን አንግታ ግቢው ውስጥ ቆመች። ሜላትን ልወስድ ስደርስ ወላጆች ተሰብስበው እሷን ይሰማሉ።

«ኩፍኝ ነው» አለች። «ክትባቱ ከበሽተኛው ጋር ከዋሉበት ጊዜ አንሥቶ ሦስት ቀን ካላለፈ ሊያድን ይችላል። ሐሙስ ጠዋት ካለፈ ግን ዋስትና የለኝም። የባሕር ዳር መንገድ ከተዘጋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ክትባቱ ጥቂት ነው። ስለዚህ ካርድ ያላቸው ልጆች ወደ ቤት ይሂዱ፣ እነሱ ተከላክለዋል። ከደንቡ በፊት የገቡና ካርድ የሌላቸው፣ ታናናሾቻቸውም ይቅሩ።»

ካርዱ በኪሴ ነበር። ሲስተር ሰብለ ጎንበስ ብላ የሜላትን ጉንጭ ነካች። «አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ካርድ አለሽ። ሂጂ» አለቻት። ካርድ የሌላቸው ልጆች ክንዳቸውን ገልጠው ተሰለፉ፤ የእኔዋ ባለካርድ ተሰናበተች።

አፌን ከፈትሁ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ዓመታት ሙሉ ማመልከቻ የጻፍሁላቸው ሰዎች ቆመው ያዩኛል፤ አዳራሹ ውስጥ ያጨበጨቡልኝም አሉ። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ልጅቷን በእጄ ይዤ ወጣሁ። እየሄድን «አባባ፣ እኔ ለምን አልተወጋሁም?» አለችኝ። «አንቺ ጎበዝ ስለሆንሽ» አልኋት። ከዚያች ቀን ወዲህ ጎበዝ የሚለውን ቃል አልወደውም።

ወደ ማታ የሺ ደወለች። ወሬው ዳንግላ ደርሷል።

«አባባ፣ ኩፍኝ ገብቷል አሉኝ። እኔ መምጣት አልችልም፣ መኪና የለም። ግን እኮ ተከትባለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ ባያስከትቡልኝ ዛሬ ማበዴ ነበር።»

«የሺዬ…» አልሁ።

«አቤት አባባ?»

ኔትዎርኩ ተቋረጠ። አንባቢዎቼ፣ ውርደቴን ሙሉ ልንገራችሁ፤ ኔትዎርኩ ሲቋረጥ ደስ አለኝ። መልሼ እንኳ አልደወልሁም። ሜላት ግን ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ለእንጨት አሻንጉሊቷ «አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ አትወጊም» እያለች ትጫወት ነበር። እሱን ስሰማ ነው የተሸነፍሁት።

ረቡዕ ገና በጠዋቱ ጤና ጣቢያው በር ላይ ነበርሁ። ሲስተር ሰብለ ስትገባ ተከተልኋት።

«ሲስተር፣ የእኔ ሜላት ትከተብ።»

«ካርድ አላት እኮ አባባ።»

«ካርዱ ውሸት ነው።»

ቆመች። «ማን ነው ያወጣው?»

«እናንተ። በእኔ ማመልከቻ።»

ኃላፊው ከጓዳ ሰማንና ወጣ። ወጣት ነው፣ ልብሱ የተተኮሰ። መዝገቡን ገለጠ፣ ጣቱን አስኬደ። «በማኅተም የተረጋገጠ ማስረጃ ነው። በቃል ልንሽረው አንችልም። ቀበሌው ደብዳቤውን ይሰርዝ፣ እርስዎም ማመልከቻ ያስገቡ» አለኝ።

እንግዲህ ይህ እኔን ለመቅጣት ከሰማይ የተላከ ሰው ነው። ውጭ የቆመ ባጃጅ ወንበር ላይ ተቀምጬ በገዛ ማመልከቻዬ ላይ ማመልከቻ ጻፍሁ። «ጉዳዩ፦ ከዚህ በፊት ያቀረብሁት ውሸት መሆኑን ስለማሳወቅ።» አራት መስመር ሆነች። እውነት እንዲህ አጭር መሆኗን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ኃላፊው አንብቦ «የቀበሌው ማኅተም የለበትም» አለ።

«ክንዷ ማኅተም አይጠይቅም!» አለች ሲስተር ሰብለ፣ በዚያ ሜዳ በሚሞላ ድምፅ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ስንት ናቸው? ለስንት ሰው ጻፉ?»

«ከሜላት ጋር አምስት።»

ዓይኗን ጨፈነች። «የቀረኝ አንድ ብልቃጥ ነው፤ ነገ ወደ ጥርባ ገጠር ይዤው ልወጣ ነበር። ያኔ ለስድስት አልከፍትም ብዬ የመለስኋችሁ እኔ ነኝ፤ ያንን አልረሳሁትም። ዛሬ ለአምስት እከፍተዋለሁ። ግን አምስቱም ይምጡ። ወላጆቻቸው ፊት ቆመው ይንገሯቸው፤ ለእኔ የነገሩኝን ያህል።»

የማመልከቻዎቼን ቅጂ አስቀምጣለሁ፤ የሙያ ነገር ነው። ቅጂዎቹንም ሜላትንም ከቤት አንሥቼ ያንኑ ባጃጅ ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ ባለሱቁ አቶ ሰይድ ጋ ደረስሁ። ስኳር እየመዘነ ነበር።

«ሰይድ፣ ያ ማመልከቻ ውሸት ነው» አልሁት።

«አውቃለሁ እንጂ፣ አብረን አይደል የዋሸነው! አይጥ በላው አልን። ምነው በጠዋቱ?»

«ልጅህ ትናንት ሳይከተብ ቀረ። በእኔና በአንተ አይጥ።»

ስኳሩን ሚዛኑ ላይ እንደተወው ሱቁን ዘግቶ ወጣ። ደንበኛው ከኋላው «ስኳሬስ?» እያለ ይጮኻል። ልጁን አንድ እግሩን ጫማ፣ አንዱን ባዶ አድርጎ ተሸክሞ ሲሮጥ ባጃጃችን እንኳ አልደረሰበትም። በሌሎቹ ሁለት ቤቶች ያገኘኋቸው እናቶቹን ነበር። አንዷ ወዲያው ልጇን አዘለች። ሌላዋ ልብስ እያጠበች ነበር፤ እርጥቡን ልብስ በፊቴ ወረወረችብኝና ልጇን ይዛ ተከተለችኝ። እርጥቡ ይገባኛል።

የመጨረሻው አቶ ጥላሁን ነበር። ከአዲስ ቅዳም ከሰል እያመጣ የሚነግድ፣ ሰፊ ግቢ ያለው ሰው። መኪና ላይ ከሰል ያስጭናል፤ ስድስት ሠራተኞች ማዳበሪያ ተሸክመው ይመላለሳሉ። ልጁ ቤዛ ሜላት ጎን የምትቀመጥ ናት።

«ጥላሁን፣ ለብቻህ ላናግርህ» አልሁ።

«እዚሁ ተናገር አያ ፈንቴ፣ ከእነዚህ የምደብቀው የለኝም።»

«የቤዛ ካርድ ጉዳይ ነው። ልጅቷ አልተከተበችም። አሁኑኑ እንውሰዳት።»

ሠራተኞቹ ማዳበሪያ እንደተሸከሙ ቆሙ። የጥላሁን ሚስት አልማዝ ከቤት ብቅ አለች። «ምንድን ነው አልተከተበችም ማለት? አንተ አይደለህም ወስጄ አስከተብኋት ያልኸኝ?»

ያኔ ነው የገባኝ። እሱም እንደ እኔ ነው የዋሸው፤ ሚስቱን። ፊቱ ጠቆረ፣ ከሰሉ ነው እንዳልል ሌላ ጥቁረት ነበር።

«ተከትባለች» አለ። «ራሱ ጽፎ ራሱ አንብቦልኛል። በተገቢው ጊዜ ሁለቱንም ዙር ተከትባ ይላል። ማኅተም አለው። ዛሬ ምን ነክቶህ ነው?»

«እኔ ነኝ የፈጠርሁት! አንተም ታውቃለህ። ስለ እግዚአብሔር፣ እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ነው ጊዜ ያላት።»

«ሽማግሌው ጃጅቷል» አለ ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ። አንዱ ሳቀ። «ደግሞ በአዳራሹ ውስጥ ልጅ የወላጅ ነው ወይስ የቀበሌ ብለህ ያስጨበጨብኸው አንተ አይደለህም? እኔም አጨብጭቤልሃለሁ። እንግዲህ ልጄ የእኔ ናት። ከግቢዬ ውጣ።»

የገዛ ቃሌ ነው። አንዲት ፊደል አላጎደለም። ያን ያህል የሚያዳምጠኝ ሰው እንደነበረ አላውቅም ነበር። አልማዝን አየኋት። እሷም ተራ በተራ እኔንና ባሏን አየች። አንድ ጸጉሩ የተንጨባረረ ሽማግሌ፣ እርጥብ ልብስ የተወረወረበት፣ ውሸታም ነኝ እያለ የሚምል፤ በሌላ በኩል ባሏ ከነካርዱ። ለማን ትፍረድ? ልጇን ወደ ጉያዋ ሳብ አድርጋ ወደ ቤት ገባች።

አራቱን ይዤ ተመለስሁ። ሲስተር ሰብለ ብልቃጡን ከፈተችው። ሜላት ክንዷን ስትሰጥ አላለቀሰችም። ያለቀስሁት እኔ ነኝ፤ በዚያው ወረፋ፣ በእናቶች መካከል። ማንም አልሳቀም። ሲስተር ሰብለ ብልቃጡ ጊዜው ሳያልፍ ራሷ ጥላሁን ግቢ ሄደች። እሱ ግን ካርዱን አሳያት። «አስገድጄ መውጋት አልችልም፣ ሥልጣን የለኝም» ብላኝ ተመለሰች። በብልቃጡ ውስጥ የቀረውን ሌሎች ሕፃናት ፈልጋ ሰጠች።

ዓርብ መንገዱ ሲከፈት የሺ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰች። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ቃላት ስመርጥ አድሬ በወረቀት ጽፌ ጠበቅኋት። ገና «ከሁሉ አስቀድሜ…» ስል እጇን አነሣች።

«አባባ፣ ማመልከቻ አያንብቡልኝ። በአፍዎ ይንገሩኝ።»

ነገርኋት። ወረቀት ሳልይዝ ማውራት ለእኔ ራቁቴን እንደ መቆም ነው። እስክጨርስ ድረስ ሜላትን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጸጉሯን ትዳብሳለች።

«ስንት ጊዜ ሄዱ?» አለችኝ።

«ሁለት ጊዜ ተኩል።»

«ተኩሉ ምንድን ነው?»

«እስከ በሩ።»

«ለዳማስ?»

ወዴት እንደምትሄድ አልገባኝም ነበር። ለዳማ የፈረስ በሽታ ክትባት ሲመጣ፣ የጥር የፈረሰኞች በዓል ሲደርስ ተሸልሞ የሚወጣ ፈረስ ነውና፣ ከንጋት እስከ ቀትር ዝናብ ላይ ቆሜ አንገቱን ይዤለታለሁ፤ ለእሷም በኩራት አውርቼላት ነበር። ለካ አልረሳችም።

«አንድ ጊዜ» አልሁ። «ግማሽ ቀን ጠብቄ።»

ራሷን ነቀነቀች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ብትሰድበኝ ምንኛ በቀለለኝ። የሜላትን ልብሶች በአንድ ከረጢት ከተተች፤ በዚያው ከሰዓት ይዛት ዳንግላ ወረደች።

ሁለት ሳምንት እያንዳንዷን ቀን እየገፋሁ አሳለፍሁ። ሜላት ዳንግላ ላይ አላተኮሳትም፣ ሽፍታም አልወጣባትም። ክትባቱ ደረሰላት። የሰይድ ልጅና የሁለቱ እናቶች ልጆችም ዳኑ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የጥላሁን ቤዛ ወደቀች። ኩፍኝ መርፌ አይወድም፣ ብርሃን አይወድም ብለው ጨለማ ክፍል ውስጥ አስተኟት፤ አልማዝ ነገሩ ሲገባት ባሏን ጥሳ ባሕር ዳር ወሰደቻት። የልጅቷ ነፍስ ተረፈች። ቀኝ ዓይኗ ላይ ግን ነጭ ነገር ቀረባት። ጥላሁን እስከ ዛሬ «ኩፍኝ አልነበረም» ይላል። ካርዱ አለኮ!

አሁን ልትጠይቁኝ የምትፈልጉትን አውቃለሁ፤ ክትባት ግዴታ ይሁን ወይስ አይሁን? በየስብሰባው ዛሬም ይከራከራሉ። ይሁን ባይ ነኝ፤ ያለ ማመንታት። ነገር ግን ለሕግ አውጪዎቹ አንድ ቃል አለኝ። ወረቀት ብቻ የምትጠይቁ ከሆነ ወረቀት ታገኛላችሁ፤ እኔን የመሰለ ጸሐፊ በየፍርድ ቤቱ በር አለ። ብልቃጡን ለሁለት ልጅም ክፈቱት። አራት ጠብታ ሲደፋ የሚያዝን መሥሪያ ቤት የአንዲት ልጅ ዓይን ሲደፋ የት ነበር? ሕፃን ይዞ የመጣን አባት ወይም አያት እንደ ጉድ አትዩት። ከዚያ በኋላ ክንዱን ጠይቁ።

ለተቃዋሚዎቹ ደግሞ ክርክር የለኝም። አዳራሽ ውስጥ ጋቢውን ወደ ትከሻው ወርውሮ ስለ ነጻነት የሚጮኽ ሰው ስታዩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁልኝ፤ ጤና ጣቢያ ስንት ጊዜ ተሰልፈሃል? «ሁለት ጊዜ ተኩል» ካላችሁ ወንድሜ ነው፤ አስቀምጡት። ቤዛን መንገድ ላይ ሳገኛት ከግራዋ በኩል ነው የምቀርባት፣ እንዳትደነግጥ። «አያ ፈንቴ» ትለኛለች። በጨዋነት ትስመኛለች። ያ ስሞሽ ከማንኛውም ስድብ ይከብዳል።

አሁን የክትባት ማስረጃ ላውጣ የሚል ሰው ቢመጣ አልጽፍም። «ጃጅቷል» ብለው ያልፋሉ፤ ጥሩ ስም ሆኖልኛል።

የሺ አልተጣላችኝም። በየሁለት ቀኑ ትደውላለች። የደም ግፊት ኪኒን አለኝ፣ በየጠዋቱ የሚወሰድ።

«አባባ፣ መድኃኒትዎን ወሰዱ?»

«ወሰድሁ የኔ ልጅ።»

ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንዳይከፋኝ እየተጠነቀቀች፣ «እስቲ እትዬ ደብሬን ያቅርቡልኝ» ትለኛለች። እትዬ ደብሬ ስልኩን ትቀበላለች፤ የኪኒኑን ማሸጊያ ወደ መስኮቱ ይዛ ታይና «አዎ፣ ወስዷል» ትላታለች። ብዙውን ቀን እውነቴን ነው፣ ወስጄ ነው። ግን በየሺ ቦታ ብሆን እኔም እኔን አላምንም።